መጋጠሚያው የማን ነው? የአንድ የደሴ ግቢ ሥራ ከፕሮፎርማ እስከ ክረምት

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ ሐጂ ግቢያቸውን ሊያሳዩኝ የጠሩኝ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም እንደለበሰ ነበር። ከላይኛው አጥር ሥር የሚገባው ውሃ ግቢውን በሰያፍ አቋርጦ፣ የጓሮውን በር ደፍ ታክኮ ወደ መንገድ ይወጣል። በጋ ላይ ቢጠሩኝ ኖሮ ይህን ሳላይ ፕላን እሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የግቢ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው፣ ከቻልኩ፣ ዝናብ በጣለ ቀን ነው።

ቦታው ከጦሳ ሥር በሚወርደው ተዳፋት ላይ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ከቤቱ ጀርባ 14 በ22 ሜትር የሆነ ባዶ ግቢ አለ፤ ከላይኛው አጥር እስከ ታችኛው በር 1.40 ሜትር ይወርዳል። ሐጂ የፈለጉት እንግዳ ወጥቶ አየር የሚወስድበት ቦታ ብቻ ነበር። ማረፊያውን የምታስተዳድረው ልጃቸው ግን ዝርዝሩን ስልኳ ላይ ይዛ ጠበቀችኝ፦ ከቤቱ ጀርባ ግድግዳ የሚነሳ ፔርጎላ (በምሰሶ ላይ የሚቆም የግቢ ጥላ)፣ ንጣፍ፣ ሥጋ የሚጠበስበት ባንኮኒ፣ የቡና ቦታ፣ እሳት ማንደጃ፣ የምሽት መብራት፣ ለደረጃው መደገፊያ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ስለሆነ እሳት ማንደጃውን ከቅንጦት አልቆጠርኩትም፤ ከመግሪብ በኋላ ውጭ ተቀምጦ ያመሸ ያውቀዋል።

“ለጥር ሠርግ ይደርሳል?” አለችኝ።

“ይደርሳል” አልኩ። ኮንትራክተር ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የለውም።

ከዚህ ሥራ በፊት ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ካፌ ግቢ ሠርቼ ነበር። ብረቱን ከአንዱ፣ ፖሊካርቦኔቱን (ብርሃን የሚያሳልፈውን የፕላስቲክ ጣሪያ ሉህ) ከሌላው፣ መብራቱን ከሦስተኛው እያልኩ ስድስት ቦታ ገዛሁ። እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ብታዩት እንከን አይወጣለትም። ችግሩ የመጣው ሁለት ዕቃ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ነው። ፖሊካርቦኔት ሙቀት ሲያገኘው ይለጠጣል፤ 6 ሜትር የሚሆን ሉህ 30 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ ቢደርስበት 12 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ከሥሩ ያለው ብረት በዚያው ሙቀት 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚረዝመው። ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ተደርጎ ተበስቶ፣ ሰፊ ዋሸር ከነላስቲኩ ሊገባበት ይገባ ነበር። በያጁ በብሎኑ ልክ በሳው። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ በ25 ኪሎሜትር ብቻ ርቃ በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ የምትወርድ፣ ጣሪያ የምታግል ከተማ ናት። አንድ በጋ ሳይሞላ ከየቀዳዳው ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ጀመረ።

የፖሊካርቦኔቱ ነጋዴ “ዕቃዬ ምንም የለበትም፣ የበሳው ይጠየቅ” አለ። በያጁ “እንዲህ ብለህ ብሳ ያለኝ የለም” አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ የእኔ ነበርና ከኪሴ ከፈልኩ። የቀለሙ ነገር ደግሞ አለ። የፔርጎላው ብረትም የመብራቱ ምሰሶም ራል 7016 የሚባለው ጥቁር ግራጫ ተብሎ ነው የታዘዘው፣ ሁለቱም በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ እንደ አዲስ መኪና ያብረቀርቃል፣ ሌላው እንደ ከሰል ደብዛዛ ነው። ቁጥሩ ቀለሙን እንጂ ማብረቅረቁን እንደማይናገር የተማርኩት ያኔ ነው።

ለሐጂ ግቢ ዋጋ ከማወዳደሬ በፊት ከፎርማኔ ጋር ተቀምጠን አንድ ሥራ ሠራን። ፕላኑን ዘረጋንና ሁለት ዕቃ በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ክብ አደረግን። የፔርጎላው እግርና ንጣፉ። የፔርጎላው ጣሪያና የድሮው ቤት ግድግዳ። አሸንዳውና የውሃ መውረጃው። የመብራቱ ገመድና ምሰሶው። ባንኮኒውና ወለሉ። መደገፊያውና የድንጋይ ግድግዳው። አሥራ አንድ ክብ ወጣ። ዕቃውን ከሰባት ቦታ ብገዛ አሥራ አንዱም ክብ በእኔ ስም ነው የሚመዘገበው ማለት ነው።

“ሁሉንም ከአንድ ሰው እንግዛዋ” አልኩት።

ፎርማኔ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። “አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም” አለኝ። ያ ሰው ከጠፋ፣ ወይ ከዘገየ፣ ሥራው በሙሉ ይቆማል ማለቱ ነው። ልክ ነበር፤ ቆይቶ ታይቷል።

አዲስ አበባ ካሉት ውስጥ ሙሉ የግቢ ዕቃ እናቀርባለን የሚሉ ሦስት አገኘሁ። ለሦስቱም የግቢውን ልኬት ከነከፍታው ልኬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ የፔርጎላው እግር ከንጣፉ ጋር የሚገናኝበትን ዝርዝር ንድፍ ላኩልኝ። አንዱ በስልክ የካታሎግ ፎቶ ላከ፤ ፎቶው ላይ ያለው ግቢ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለና የመዋኛ ገንዳ ያለው ነው። ሁለተኛው ደውሎ “እሱን ቦታው ላይ ሲደርሱ ያዩታል” አለኝ። ሦስተኛው በእጅ የተሣለ ንድፍ ላከ። መሬቱን የተስተካከለ አድርጎ ነው የሣለው፣ ማለትም ተሳስቷል፤ ግን መሠረቱ፣ የብረቱ ሰሌዳ፣ የቦልቱ ርቀት፣ ንጣፉ ከእግሩ 2 ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ እንደሚቆም፣ ሁሉም በቁጥር ተጽፏል። የተሳሳተ ንድፍ ይታረማል። ፎቶ ግን ምኑን ታርመዋለህ?

ከሦስተኛው ጋር ሄድን። ዋጋው ከሰባቱ ፕሮፎርማ ድምር ከመቶ 9 ያህል ይበልጥ ነበር። በብር አልጽፈውም፤ ይህን የምታነቡ ጊዜ ቁጥሩ አይረዳችሁም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ፕሮፎርማ ለወር የሚቆይበት ዘመን አልፏል፤ ሦስት ቀን የሚል ማኅተም አይቻለሁ። አንድ ላይ ማዘዝ ያኔ ያልገመትኩት ጥቅም ያመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰባት ነጋዴ ጋ ብሄድ ሰባት ጊዜ ዋጋ ይጨምርብኝ ነበር፤ አሁን በአንድ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ዋጋው በአንድ ቀን ተቆረጠ።

ክፍያውን እንዲህ ከፋፈልነው፦ 40 በመቶ ሲታዘዝ፣ 40 በመቶ እኔ አዲስ አበባ ሄጄ ዕቃውን አይቼ ሲጫን፣ 15 በመቶ ተገጥሞ ሲያልቅ፣ የቀረው 5 በመቶ አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ። በመጨረሻዋ 5 በመቶ ላይ ሁለት ቀን ተከራከርን። “ክረምት ምን አገናኘው?” አለኝ አቅራቢው። ደሴ ክረምት ከርመህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። ንድፎቹን ሁሉ ቁጥር ሰጥቶ፣ ማኅተም አድርጎ ከውሉ ጋር እንዲያያይዝ አደረግሁ፤ አሥራ አንዱ ክብ እያንዳንዱ ንድፍ አለው። ሐጂ ወረቀቱን ሲያዩ “ልጄ፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ጥላ ነው?” አሉኝ። “በኋላ እንዳንጨቃጨቅ ነው ሐጂ” አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ፈረሙ።

ከዝርዝሩ ያወጣናቸው

አቅራቢው ንጣፉንና የመደገፊያ ግድግዳ ብሎኩንም አብሮ ሊሸጥልኝ ነበር። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። ኮንክሪት በሜትር ኩብ ወደ 2,300 ኪሎ ይመዝናል። 6 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በካሬ ሜትር 138 ኪሎ ነው፤ የእኛ 210 ካሬ ሜትር ወደ 29 ቶን ይመጣል። ይህን ከአዲስ አበባ ጭኖ፣ ጣርማ በርን ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አቋርጦ፣ ሐረጎን ጠመዝማዛ እያቃሰተ 400 ኪሎሜትር ማምጣት ሲሚንቶ ሳይሆን ናፍጣ መግዛት ነው። ንጣፉን ከኮምቦልቻ አመጣን፣ ግድግዳውን በደሴ ጥቁር ድንጋይ ገነባነው። የግንበኛውና የድንጋዩ ዋጋ ከብሎኩ ማጓጓዣ አልበለጠም።

ስለዚህ “ሙሉ ሥርዓት ከአንድ አቅራቢ” ሲባል እኔ ዘንድ ትርጉሙ ጠቧል። ቀላልና ልኩ የሚያስጨንቅ ዕቃ ከእሱ፣ ከባድና ሸካራ ዕቃ ከዚሁ። ንድፉ ግን ሁለቱንም ይይዛል፤ ከእሱ ባልገዛሁት ንጣፍና ከእሱ በገዛሁት እግር መካከል ያለውን 2 ሴንቲሜትር የሣለው እሱ ነው፣ የሚጠየቅበትም እሱ።

ከመሬት በታች ያለው ደግሞ ከማንም አይገዛም። ስንቆፍር ላይኛው ጥግ ላይ መረሬ ወጣ። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት፣ ክረምት ላይ አብጦ ያስቀመጡበትን ሁሉ የሚያነሳ ጥቁር አፈር። አውጥተን ሴሌክት ማቴሪያል (የማያብጥ የተመረጠ ሙሌት አፈር) መልሰን በየንብርብሩ ጠቀጠቅነው፤ አራት ቀን በላብን። ከፍታውን የ1.40 ሜትሩን እንዲህ አካፈልነው፦ 70 ሴንቲሜትር በድንጋይ ግድግዳው፣ 44 ሴንቲሜትር በንጣፉ ስሎፕ (በሜትር 2 ሴንቲሜትር ማለት ነው)፣ የቀረው 26 በሁለት አጭር ደረጃ። ከግድግዳው ጀርባ ጠጠር ሞላን፣ በየ1.50 ሜትሩ የውሃ ማስወጫ ቧንቧ አደረግን። ያ ነሐሴ ላይ ያየሁት ውሃ አሁን በሰያፍ ሳይሆን በግድግዳው ጥግ፣ ክዳን ባለው ቦይ ይሄዳል።

መጨረሻ የተጫነው መጀመሪያ ይፈለጋል

ፎርማኔ የፈራው የደረሰው ኅዳር ላይ ነው። ዕቃው በሁለት መኪና ይመጣል ተብሎ ነበር። የመጀመሪያው አይሱዙ ምሰሶዎቹን፣ ሉሆቹንና አሸንዳውን ይዞ ደረሰ። ተደሰትን፤ አራገፍን፤ ቆጠርን። መሠረት የምንሞላበት ጊዜ ሲደርስ ቦልቶቹ የሉም። አንከር ቦልት አርማታው ሲፈስ አብሮ የሚቀበር ነው፤ ያለሱ ስምንቱም ጉድጓድ ባዶ ይቀመጣል። ቦልቶቹ በሁለተኛው መኪና ላይ ከመብራቱና ከጥብስ ምድጃው ጋር ታሽገዋል። ሁለተኛው መኪና ደግሞ ዘጠኝ ቀን ዘገየ፤ ምክንያቱም መብራቱና ምድጃው የአቅራቢው አልነበሩም፣ እሱም መርካቶ ከሌላ ሰው ነው የሚገዛቸው። አንድ አቅራቢ ያልኩት አንድ ጠረጴዛ እንጂ አንድ መጋዘን እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ዘጠኝ ቀን ሠራተኛ አስቀምጦ መጠበቅ አይቻልም። ንድፉን አወጣሁ። ሰሌዳው 20 በ20 ሴንቲሜትር፣ ቀዳዳዎቹ ከመሐል እስከ መሐል 14 ሴንቲሜትር፣ ቦልቱ 16 ሚሊሜትር። ቶርኖ ቤት ሄጄ ከ16 ለስላሳ ብረት ሠላሳ ሁለት ቦልት ጥርስ አስወጣሁ፣ ጫፋቸውን አሳጠፍኩ። ቶርኖ ቤቱ ልጅ ንድፉን አይቶ “ይኼ እንኳ የተማረ ሰው ነው የሣለው” አለ። ከዚያም ፎርማኔ ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ አራት ቀዳዳ ያለው ቅርጽ ሠራ፤ ቦልቶቹ በቅርጹ ውስጥ ተንጠልጥለው አርማታ ሲፈስባቸው ንቅንቅ አላሉም።

ነገር ግን ቦልቱ ከመቀበሩ በፊት አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ቢሆን ዛሬ ሌላ ታሪክ ነበር የምጽፈው። ፎቶ አንሥቼ፣ የብረቱን ውፍረት በካሊፐር እያሳየሁ ለአቅራቢው ላክሁና “ይህን ብጠቀም ዋስትናህ ይጸናል ወይ?” ብዬ ጠየቅሁት። በስልክ “ችግር የለም” አለኝ። “ችግር የለም” ወረቀት ላይ አይቆምም፤ በጽሑፍ ካልላከልኝ አርማታ አላፈስም አልኩ። ማታ ላይ ላከው። የቀላል ጣሪያ ጠላቱ ክብደት ሳይሆን ከሥር ገብቶ ወደ ላይ የሚያነሳው ነፋስ ነው፤ ጣሪያው ቢነቀል መጀመሪያ የሚጠየቀው ቦልቱ ነው።

ምሰሶዎቹ ሲቆሙ ከሠላሳ ሁለቱ ቀዳዳ አንዱ ብቻ ነው በሞረድ መሰፋት ያስፈለገው።

ገጣሚዎቹ አራት ሆነው መጡ፣ ስድስት ቀን ቆዩ። ስለ እነሱ ሥራ የሚነገረው አብዛኛው ጥሩ ነው። የፔርጎላው ርዝመት 10.50 የሆነው አንዱ ሉህ 2.10 ሜትር ስፋት ስላለው፣ አምስቱ ሳይቆረጡ እንዲገቡ ነው፤ ሣዩ ከመጀመሪያው አስቦበታል። ሉሁ ውስጡ ባዶ ሰርጥ ሰርጥ ያለው ዓይነት ነው፤ ሰርጡ ከላይ ወደ ታች ካልሄደ ውስጡ የገባ እርጥበት መውጫ አጥቶ አረንጓዴ ያበቅላል። ይህንንም ጠብቀዋል። ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ተበሳ። እኔ ኮምቦልቻን አስቤ እያንዳንዷን ቀዳዳ በእጄ ዳሰስኩ፤ ገጣሚው ታዝቦኝ ሳቀ።

ጥፋቱ የእኛ ሆነ። የእኛ ዓይነቱ ፖሊካርቦኔት ከፀሐይ የሚከላከለው ሽፋን ያለው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ ያ ፊት ወደ ሰማይ ካላየ ሉሁ በጥቂት ዓመት ቢጫ ሆኖ ይሰበራል። ደሴ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የትኛው ፊት እንደሆነ የሚነግረው በላዩ የተለጠፈው ጽሑፍ ያለበት ላስቲክ ነው። ገጣሚዎቹ ምሳ በወጡበት፣ ከእኔ ቀን ሠራተኞች ሁለቱ ለማገዝ ብለው ከሁለት ሉህ ላይ ላስቲኩን ልጠው ሉሆቹን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጠበቁን። ልጆቹ ፊታቸው በርቷል። ሁለቱን ፊት በዓይን መለየት አይቻልም። ገጣሚው አለቃ ሉሁን አገላብጦ፣ በፀሐይ አይቶ፣ “አላውቀውም፤ አልገጥመውም” አለ። ቢገጥመው ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ለዚህ ነው ዛሬም የማከብረው። የሁለቱ ሉህ ዋጋ ከእኔ ሄደ፣ ንጹሕ ጥፋታችን ነውና አልተከራከርኩም። ላስቲክ የተላጠባቸው ሉሆች የሲሚንቶ መጋዘናችን ክዳን ሆነው አሁንም ያገለግላሉ።

ማን ቆሞ ቡና ያፈላል?

ከዕቃው ሁሉ ያልሆነልን ባንኮኒው ነው። በካታሎጉ “የውጭ ማዕድ ቤት” ተብሎ የመጣው የብረት ሣጥን፣ በላዩ የጥቁር ድንጋይ ሰሌዳ ያለው፣ ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር ነው። ቆሞ ለሚያበስል ሰው የተለካ። ለጥብሱ በትክክል ሆነ። ልጅቱ ግን ግማሹ የቡና ቦታ እንዲሆንላት ነበር ያዘዘችው፤ በንድፉም “ቡና” ተብሎ ተጽፏል፤ እኔም አይቼ አልፌዋለሁ። ሲተከል መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

“ኢንጂነር፣ እዚህ ላይ ማን ነው ቆሞ ቡና የሚያፈላው?”

መልስ አልነበረኝም። ቡና የሚፈላው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ረከቦቱ ከጉልበት አይበልጥም፣ ከሰሉ ከዚያ በታች ነው፣ ጀበናው ሲቀዳ ክንድ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ወሎ ላይ ደግሞ ቡና ከአቦል ተነሥቶ በረካ እስኪደርስ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ጭሱ ወጥቶ፣ ሰዓት ይወስዳል፤ ቆሞ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ይህን አቅራቢው ሊያውቀው አይገባም አልልም፣ እሱም ቡና ይጠጣል፤ ነገር ግን ካታሎጉ የተሣለው ቡና ከማሽን በሚወጣበት አገር ነው። ሦስታችንም ወረቀት ላይ “ቡና” የሚለውን ቃል አይተን፣ ሦስታችንም ቁመቱን አልጠየቅንም።

ግማሹን ባንኮኒ አቅራቢው መልሶ እንዲወስድ ተስማማንና የሚመለሰውን ዋጋ ከ15 በመቶው ላይ ቀነስን። በቦታው ፎርማኔ ከተረፈው ጥቁር ድንጋይ 35 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ግማሽ ክብ መደብ ገነባ፤ መሐሉ ላይ ለከሰል ምድጃው ዝቅ ያለ ጉድጓድ አለው፣ ፊቱ ቄጠማ የሚጎዘጎዝበት ወለል። ጭሱ ወደ ተቀማጩ እንዳይመጣ ነፋሱን ሁለት ማታ ተቀምጠን አየን፤ ማታ ማታ ከጦሳ ወደ ታች ነው የሚነፍሰው። ዛሬ ከግቢው ሁሉ ሰው የማይጠፋበት ቦታ ይህ ነው፤ ከማንም ካታሎግ ያልመጣው።

ስለ እሳት ማንደጃው የምለው የለም፤ ብረት ሣህን ነው፣ እሳት ይነድበታል።

የጋዝ ጥብስ ምድጃው ግን አንድ ሳምንት አናደደን። ሲለኮስ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል፣ ድስቱ ቂጥ ላይ ጥላሸት ይቀመጣል። ምድጃው የተሠራው ለቆላ አየር ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃ እንኳ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አየሩ ሲሳሳ ጋዙ ይበዛበታል፣ በደንብ ሳይቃጠል ይጨሳል። መፍትሔው ጋዙ የሚወጣባትን ትንሿን ቀዳዳ ጠባብ በሆነች መለወጥ ነው። ምድጃውን ለብቻው ከአንድ ሱቅ ገዝቼው ቢሆን “ይሠራል እኮ፣ እየነደደ ነው” ብሎ ይሸኘኝ ነበር። አቅራቢው ግን 15 በመቶው እጄ ላይ ስለነበረ ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቆ ጠባቦቹን አስመጣ። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆነ።

ለጥር ደረስን። የመጀመሪያው ሠርግ ሲደረግ መደገፊያው ላይ ቀለም ገና ይሸት ነበር።

ሐምሌ

በልግ ላይ ጥቂት ዘነበ፣ ምንም አልሆነም። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ ማታ ልጅቱ ደወለች። ፔርጎላው ከድሮው ቤት ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት፣ ከውስጥ በኩል ውሃ ይወርዳል። ከአሥራ አንዱ ክብ ሁለተኛው ነው።

ጠዋት መሰላል ይዤ ወጣሁ። መጋጠሚያው ላይ ያለው የቆርቆሮ ክፋይ ግድግዳው ላይ በምስማር ተመትቶ ከላይ ሲሊኮን ተቀብቶበታል፤ ሲሊኮኑ ከአሮጌው ልስን ጋር አብሮ ተላቋል። በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ከጀርባው ጣቴ እስኪገባ ተከፈተ። ወርጄ ንድፍ ቁጥር 2 አወጣሁ። ማኅተም ያለበት ንድፍ የሚለው ሌላ ነው፦ ግድግዳው በግራይንደር 2.5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይሰነጠቃል፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ታጥፎ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ነው የሚታሸገው። እንዲህ ከሆነ በግድግዳው ላይ የሚወርደው ውሃ ከቆርቆሮው በላይ እንጂ ከኋላው መሄጃ የለውም። ገጣሚዎቹ መጨረሻው ቀን ላይ ቸኩለው ነበር፤ እኔም ከታች ሆኜ ሲሊኮኑን አይቼ “ጥሩ ነው” ብያለሁ።

አቅራቢው ስደውልለት መጀመሪያ ያለኝ የጠበቅሁትን ነው፤ ቤቱ ያረጀ ነው፣ ግድግዳው ተንቀሳቅሷል፣ ልስኑ የእኛ አይደለም። አልተከራከርኩትም። የቆርቆሮውን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር፣ ከጎኑ የእሱን ንድፍ ከነማኅተሙ አድርጌ ላክሁለት። ለግማሽ ሰዓት ዝም አለ። ከዚያ “ማክሰኞ ሁለት ልጆች ይደርሳሉ” የሚል ጽሑፍ መጣ። በአውቶብስ መጡ፣ ግራይንደሩን በሻንጣ ይዘው። ሐጂ ምሳ ጋበዟቸው፤ ማታ አልቆ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ፍሳሽ ሦስት ወር፣ አራት ሽምግልናና የእኔን ትርፍ በልቷል።

5 በመቶውን መስከረም ላይ ከፈልኩት። ሲፒኦውን ከመላኬ በፊት አሥራ አንዱን ክብ ከፎርማኔ ጋር ዞረን አየናቸው። ከመብራቶቹ ሁለቱ ብቻ ጠፍተው ነበር፤ ለአቅራቢው ነገርኩት፣ በማግሥቱ በአገር አቋራጭ ላካቸው፣ ከመናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ጥቅሉ ውስጥ ከመብራቶቹ ጋር በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነበር። ስፈታው ሠላሳ ሁለት አንከር ቦልት ነው፤ ያኔ በሁለተኛው መኪና መጥተው፣ ሥራ ስላልነበራቸው መልሼ የላክኋቸው። በወረቀት ላይ “ለሚቀጥለው ሥራ፣ ቀድመው ይድረሱ” ተብሎ ተጽፏል።